ጎማ ላይ የተቀመጠ ወፍጮ

«ቡሎን ማጥበቅ እንኳ የማያውቅ ሰው ነው ለካ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወፍጮዬ ላይ ያስቀመጥኩት!» ሲሉ ሰማሁ አጎቴ ዳኘው። እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ ተኝቻለሁ፤ እሳቸው ከሚስታቸው ከእትዬ ያምሮት ጋር መኝታ ቤት ሆነው ቀስ ብለው የሚያወሩ መስሏቸዋል። የቺፑድ ግድግዳ ደግሞ ምስጢር አይችልም። እትዬ ያምሮት «ኧረ ተው አንተ ሰውዬ፣ እንዳለው እኮ ልጆቻችንን አዝሎ ያሳደገ ሰው ነው» አሉ። «እና ምን ላድርግ? የእማሆይ ግድግዳ ወድቋል፣ እጃቸው ተሰብሯል። አንድ ሰው ማጥፋቱ መቼም አይቀር። ወይ እሱ ነው፣ ወይ እኔ ነኝ፣ ወይ ደግሞ ያ ያስተማርኩት ልጅ ነው!» አጎቴ ሦስተኛውን ሲጠሩ ራሳቸው ሳቁ፤ እትዬ ያምሮትም ሳቁ። እኔ ብርድ ልብሱን ፊቴ ላይ ሳብኩት። የሳቁበት ነገር እውነት መሆኑን እዚያ ቤት ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንዷለም እባላለሁ፤ ቡሬ አንድ ኮሌጅ ውስጥ መካኒክስ አስተምራለሁ። እዚህ ፍኖተ ሰላም ግን ሰፈሩ «ኢንጂነር» ነው የሚለኝ፣ እኔም አንድም ቀን ተዉ ብዬ አላውቅም። አባቴ ሲሞት ከጅጋ አምጥተው ያሳደጉኝም ያስተማሩኝም አጎቴ ናቸው። ወፍጮ ቤታቸው ከእማሆይ ሀብትነሽ ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ስለሆነ ወፍጮው ሲነሣ የእማሆይ ቤት አብሮ ይነሣል። ብርጭቆው ሲንጫጫ ይውላል፣ ምርጊቱ እየተፈረፈረ የሚፈትሉት ጥጥ ላይ ይወርዳል፣ ዳዊታቸውን ደግመው ሳይጨርሱ ይመሻል። ቀበሌ ድረስ ከሰው ነበር። ያለፈው ዓመት ለፋሲካ ስመጣ አጎቴ «በል እንግዲህ፣ ትምህርትህን አሳየን» አሉኝ። አሳየኋቸዋ! ደብተር አወጣሁ፣ የወፍጮውን ክብደት ገመትኩ፣ የሞተሩን ፍጥነት ከላዩ ከተለጠፈው ቆርቆሮ ላይ አነበብኩ፣ ሲሚንቶ ላይ የተቸነከረውን ወፍጮ አስነሥቼ ከሥሩ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ የተቆረጠ ድርብ ንጣፍ አስገባሁበት። በዕለቱ መብራት ነበረ፤ ሞተሩ ተነሣ። እማሆይ ቤት መደብ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስቀምጠን ሰፈሩ ሁሉ ዙሪያውን ቆሞ አየ። ውሃው ንቅንቅ አላለም። እማሆይ እልል አሉ፤ «የተማረ ይግደለኝ!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ሞኙ እኔም ደስ አለኝ።

ያን ዕለት ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር፤ ወፍጮውን የሚያስነሣውና የሚያቆመው አያ እንዳለው። ከሽፋሽፍታቸው ላይ ዱቄቱን በመዳፋቸው እየጠረጉ «መብራት ሲጠፋስ መምህር?» አሉኝ። መብራት ሲጠፋ ወፍጮውን ከሞተሩ የሚያገናኘውን ቺንጋ አውልቀው ወደ ናፍጣው ሞተር ያዞሩታል፤ ናፍጣው ደግሞ ያረጀ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚዞር። «ያው ነው፤ እንዲያውም ቀስ ሲል ንዝረቱም ይቀንሳል» አልኳቸው። እሳቸው «እንጃ፣ ዕቃም የራሱ ጠባይ አለው» አሉ። እኔ ሳቅሁ። አይ እኔ! መብራት በሳምንት ሦስቴ አራቴ በሚጠፋበት አገር ተወልጄ ያደግሁ ሰው፣ በኩራዝ ያጠናሁ ሰው፣ መብራት ሁልጊዜ አለ ብዬ አሰላሁ። ይህን ፈረንጅ ቢሠራው አገሩን አያውቅም ተብሎ ይታለፍ ነበር። እኔን ምን ብለው ይለፉኝ?

ስህተቱስ ስህተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል። የሚያንገበግበኝ በታኅሣሥ የሆነው ነው። ክፍል ገብቼ ስለ ንዝረት እያስተማርኩ ነበር። «እንደ ምንጭ በሚለጠጥ ነገር ላይ የተቀመጠ ዕቃ ሁሉ የራሱ የሆነ አወዛወዝ አለው» እላለሁ። «ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ ያለ ጊዜው ብትገፉት አይሄድላችሁም። ሲመለስ ጠብቃችሁ በአንድ ጣት ብትገፉት ግን ቅርንጫፉን ነቅሎ ይሄዳል። ማሽንም እንዲሁ ነው። ከዚያ ፍጥነት አሳልፋችሁ ካስኬዳችሁት ይረጋል፤ እዚያው ፍጥነት ላይ ካቆማችሁት፣ መወዛወዙን የሚውጥለት በቂ አርጋቢ ከሌለው፣ ራሱንም አጠገቡ ያለውንም ይሰብራል።» ይህን እንዳልኩ ስልኬ ጮኸ። አያ እንዳለው ናቸው። «መምህር፣ በመብራት ሲሆን ሲነሣና ሲቆም ብቻ አንዳንዴ ርግፍግፍ ይልና ይተዋል። በናፍጣ ግን እዚያ መርገፍገፉ ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል፣ አይለቅም። ቀስ በቀስ እየባሰበት መጥቶ ዛሬ የእማሆይ ማሰሮ ወደቀ» አሉኝ። ሰሌዳው ላይ የሳልኩትን ሥዕል ነበር፣ ፊደል ያልቆጠሩት ሰውዬ፣ ከመጽሐፉ አሳምረው በቃል የነገሩኝ። እኔ ምን አልኩ? «ቡሎኑን አጥብቁት፣ ክፍል ውስጥ ነኝ» ብዬ ዘጋሁት። ዞሬ ሰሌዳውን ሳየው ሁሉም ገባኝ። ለመብራቱ ፍጥነት ያማረው ጎማ ለናፍጣው ፍጥነት ወፍጮውን አንሥቶ ዥዋዥዌ ላይ አስቀምጦታል። መልሶ መደወል ነበር፤ «ጎማውን አውጡት፣ ተሳስቻለሁ»፣ ሦስት ቃል። ቅዳሜ ሄጄ በራሴ እጅ ዝም ብዬ አወጣዋለሁ አልኩ። ቅዳሜ ፈተና ማረም መጣ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ መንገድ ተዘጋ ተባለ፣ ከዚያ ጥምቀት ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት፣ መብራት በጠፋ ሐሙስ፣ ግድግዳው ወደቀ።

አጎቴ ትናንት «ሽምግልናው እሑድ ነው፣ የተማረ ሰው መሐላችን ቢኖር ደስ ይለናል» ብለው ደውለው ነው የመጣሁት። የሚኒባሱ ረዳት ለሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ሁለት መቶ ብር ሲጠይቅ እንኳ አልተከራከርኩም። ዛሬ ጠዋት እነሱ ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለሱ ቀድሜ እማሆይ ዘንድ ገባሁ። ቤታቸው በወፍጮው በኩል ማገሩ ብቻ ቀርቶ በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኗል፤ ነፋስ ሲመጣ ሸራው ወደ ውስጥ ይነፋል። መደቡ ላይ የተከመረው ጭቃ ገና አልተጠረገም፣ እንዝርታቸው ግድግዳው ጥግ በጥጡ እንደተጠቀለለ ተሰክቷል። ቀኝ እጃቸው በጀሶ ታስሮ በነጠላ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፣ በግራቸው ጨበጡኝ። ስለ ጤፍ ዋጋ አነሡ፤ ኩንታሉ ከማንኩሳ ገበያ ይልቅ እዚህ እንደሚወደድ፣ እሳቸው ግን እጃቸው እስኪድን ፈትለው የሚሸጡት ጥጥ ስለሌለ ዋጋው ወጣም ወረደም እንደማይመለከታቸው ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንዳለውን አልጠላውም፣ ምስኪን ነው። ግን ልጄ፣ አንተ ያን የመሰለ ጸጥ ያለ ነገር ሠርተህለት እንዴት ሰው ቡሎን ማጥበቅ ያቅተዋል?» አሉኝ። መልስ ይጠብቁ ነበር። «እግዜር ይማርዎ እማሆይ» ብዬ ወጣሁ።

ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ መልስ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። እሑድ ስለሆነ ወፍጮው ተዘግቷል። ሰብሳቢው ቄስ ክንፈሚካኤል ናቸው፤ በቀኛቸው የእህል ነጋዴው አቶ አብዱልሀኪም፣ በግራቸው አንድ የዕድሩ ዳኛ፤ እማሆይም ፊት ለፊታቸው ተቀምጠዋል። ለእኔ ከአጎቴ ቤት የፕላስቲክ ወንበር መጣልኝ፤ አያ እንዳለው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከስድሳ ያለፉ ሰው ናቸው፣ ዱቄት የሌለበት ፊታቸውን ዛሬ ገና ነው ያየሁት። አጎቴ ተነሥተው ጉዳያቸውን አሰሙ፤ ወፍጮው በባለሙያ እንደተሠራ፣ ሲሠራ ሰፈሩ እንዳየ፣ ከዚያ ወዲህ ያበላሸው የቡሎን መላላት እንደሆነ፣ ቡሎን የሚያጠብቀው ደግሞ እንዳለው እንደሆነ። ቄሱ «አንተስ እንዳለው?» አሉ። «እኔ በየማለዳው አጥብቄያለሁ አባ። ጭራሽ ባጠበቅሁት ቁጥር ባሰበት። ነገሩ ሲያቅተኝም ደወልኩ» አሉ አያ እንዳለው።

«ለማን ደወልክ?»

አያ እንዳለው ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ የለባቸውም፣ ልመናም የለባቸውም፤ በር ከፍቶ ግባ እንደሚል ሰው ዝም ብለው ቆዩልኝ። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ የጫማዬን ክር አየሁ። አያ እንዳለው ቆይተው «ለሰው» አሉና ኮፍያቸውን እንደገና በእጃቸው ማዟዟር ጀመሩ።

አቶ አብዱልሀኪም ብልህ ሰው ናቸው፤ ሚዛን ላይ ያደገ ሰው አይታለልም። «አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ። «ቡሎን ከላላ በመብራትም በናፍጣም መላላቱ ነው። እማሆይ ራሳቸው በመብራት ቀን ጸጥ ነው ብለዋል። ታዲያ በናፍጣ ቀን ብቻ የሚያናውጠው ምን ቢሆን ነው? መምህሩ ይንገረን እንጂ።» ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ጥያቄ ተማሪዎቼ እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም። መልሱ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። እኔ ግን ተነሥቼ «ሪዞናንስ» አልኩ፣ «ዳምፒንግ» አልኩ፣ «ፍሪኩዌንሲ» አልኩ፤ ነገሩ ብዙ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል፣ ከምክንያቶቹም አንዱ የቡሎን መላላት ሊሆን እንደሚችል አስረዳሁ። ከተናገርኩት ውስጥ አንዲት የውሸት ቃል የለችም፤ ሙሉው ግን ውሸት ነው። የዕድሩ ዳኛ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። አጎቴ ደረታቸውን ነፉ። አቶ አብዱልሀኪም ትንሽ አዩኝና «እንግዲህ መምህሩ ካለ» ብለው ተዉት።

ቄስ ክንፈሚካኤል «ሌላ ቃል ያለው አለ?» ብለው ጠየቁ። ደግመው ጠየቁ። ሦስተኛ ሲጠይቁ ምላሴ ተነሥቶ ነበር፤ ብምል የሚያምነኝ ካለ እምላለሁ። ሰፈሩ «ኢንጂነር» የሚለኝ፣ እማሆይ ግንባሬን የሳሙት፣ አጎቴ በሰው ፊት ደረታቸውን የነፉት፣ ሁሉም አንድ ላይ መጥቶ አፌን ያዘው። ፍርዱም ተሰጠ። አያ እንዳለው የእማሆይን ግድግዳ ጭቃ አቡክተው ይመርጋሉ፤ ከወፍጮው ይለቃሉ፤ እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ከአጥሩ ሥር የሰው ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ አንሥተው ማጅራታቸው ላይ አደረጉት፣ በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ አጎንብሰው፣ እማሆይ እግር ሥር ተንበረከኩ። «ይቅር ይበሉኝ» አሉ። እማሆይ በግራ እጃቸው ድንጋዩን ሊያወርዱት ሞከሩ፣ ከበዳቸው፤ አቶ አብዱልሀኪም ረዷቸው። ከዚያ ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው አቡነ ዘበሰማያት አስደገሙንና «ይህን ነገር ከእንግዲህ ያነሣ፣ እርቁን ያፈረሰ፣ ውግዝ ይሁን» ብለው ገዘቱ። አሜን አልን። ላስተባብል አልችልም፤ ግዝቱ ያኔ እንደ ጋቢ ሞቀኝ። አሁንማ ብናገር ኃጢአት ነው አልኩ በልቤ፤ አንድ ደቂቃ ሙሉ በዚህ ተጽናናሁ።

ምሳ አልበላሁም። ዘጠኝ ሰዓት ግድም ወደ አያ እንዳለው ቤት ወረድኩ፤ ከከተማው ጫፍ፣ በማንኩሳ መንገድ በኩል ናት፣ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት። ሚስታቸው አስካለ ማርያም በር ላይ ጌሾ ያሰጣሉ፤ ሲያዩኝ ተነሥተው አልሳሙኝም። አያ እንዳለው ውስጥ ናቸው፤ ማጅራታቸው ላይ ድንጋዩ የፋቃቸውን ቦታ ቅቤ ቀብተውታል። ቁጭ እንኳ ሳልል «አያ እንዳለው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጎማው ነው። የደወሉልኝ ቀን ገብቶኝ ነበር» አልኩ። እጃቸውን ቶሎ አነሡ። «ተው፣ ተው! አባ ገዝተዋል። በእርጅናዬ ግዝት አታስፈርሰኝ።» አስካለ ማርያም ከበር ላይ ሆነው «እኔ እዚያ አልነበርኩም፣ እኔን አልገዘቱኝም» አሉ። «ሲሸማገሉ የት ነበርክ? ለባሌ በጓዳ የምትነግረው፣ ባሌ በአደባባይ ድንጋይ ከተሸከመ በኋላ ነው?» ባላቸው «አስካለ!» ቢሏቸው ጌሾውን መበተን ትተው በሩ ላይ ቆሙ።

አያ እንዳለው ዱካ ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። «ሌላውን ተወው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ለምንድን ነው በመብራት ዝም ብሎ በናፍጣ የሚያብድ? ሁለት ወር እንቅልፍ ነሥቶኛል» አሉኝ። ነገርኳቸው። የውጭ ቃል አልጨመርኩም። ስለ ጎማው መለጠጥ፣ ስለ ዥዋዥዌው፣ ወፍጮው የራሱ ፍጥነት እንዳለውና ሞተሩ ያን ፍጥነት ሲገጥምለት መወዛወዙ እንዴት እየጨመረ እንደሚሄድ ነገርኳቸው። ገና ሳልጨርስ «አሃ! በመብራት ሲነሣና ሲቆም የሚርገፈገፈው በዚያ በኩል ሲያልፍ ነዋ! ናፍጣው ግን እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ» አሉ። ተማሪዎቼ በሁለት ሳምንት ያልገባቸው እሳቸውን በሩብ ሰዓት ገባቸው። ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ጨለመ። «እንግዲያው ጎማውን ባወጣው ኖሮ ግድግዳው አይወድቅም ነበር?»

«አይወድቅም ነበር።»

«ረቡዕ ማታ ላወጣው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሃያ አራት ቁጥር ቁልፍ ቡሎኑ ላይ አድርጌ አንዱን ፈትቼው ነበር። ቆይ፣ የተማረ ሰው ሥራ ነው፣ እኔ ማን ነኝና የማፈርሰው፣ ልጁም ቢሰማ ያፍርብኛል ብዬ መልሼ አሰርኩት። ሐሙስ ወደቀ።» እሳቸው እኔን እንዳላሳፍር ብለው የተዉትን ነገር፣ እኔ ላለማፈር ብዬ በእሳቸው ጫንቃ አወረድኩት። ማልቀስ ፈለግሁ፣ አስካለ ማርያም ቆመው ስላዩኝ አፈርኩ። አያ እንዳለው ሲሸኙኝ እጄን ይዘው «የእኔን ተወው፣ ያለፈ አልፏል። ጎማው ግን ይውጣ። ነገ ሰኞ ነው፣ አዲስ ሰው ያስነሣዋል፣ መብራትም አይታመንም። የእማሆይ ሌላው ግድግዳም ዘሟል። ዛሬውኑ ለዳኘው ንገረው፤ ይህን መንገር ግዝት አይደለም» አሉኝ። እነግራለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው። መንገዱን ሙሉ የምለውን በልቤ ሳስተካክል መጣሁ፤ «አጎቴ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ነገ አያ እንዳለውን ወደ ሥራቸው ይመልሱ፣ ከአባ ጋር ሄጄ ግዝቱን አስፈታለሁ።» ይኼው ነው። ሦስት ጊዜ አጠናሁት።

ራት ላይ ደረስኩ። እትዬ ያምሮት የሽሮ ድስቱን አውርደው አቅርበዋል፤ አጎቴ እጃቸውን ታጥበው ደስ ብሏቸው ተቀምጠዋል፣ ጎረቤት ሁሉ ስለ ንግግሬ ሲያወራ እንደዋለ ይነግሩኛል። «አጎቴ» አልኩ፣ «ነገ ወፍጮው ሳይነሣ ጎማው መውጣት አለበት።» የያዙትን ጉርሻ አቆሙ። «ለምን? ጥፋቱ የእንዳለው ነው አልተባለም እንዴ?» ቀጥ ብለው አዩኝ። ጥያቄው የቀረበልኝ በሰው ፊት አልነበረም፣ ሽማግሌም የለ፣ ሰሌዳም የለ፤ የሚሰሙን እትዬ ያምሮት ብቻ ናቸው።

«ነው» አልኩ። «እኔ ለጥንቃቄ ያህል ነው።»

አጎቴ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አየሽው አይደል? እሱ ሳያጠፋ እንኳ ለእማሆይ ያስባል። ሰው ማለት እንዲህ ነው!» ከዚያ ጉርሻውን ወደ አፌ አመጡና እንደ ልጅነቴ አጎረሱኝ። «ዕድሜ ይስጥህ ልጄ፣ አያሳፍርህ፣ ክፉ አይንካህ» ብለው መረቁኝ።

ውጬ ስጨርስ አሜን አልኩ።